አዲስ ቀለም፣ አሮጌ ቤት

የቤት ገዢዎች የጥገናን ወጪ ከዋጋው ውስጥ ለምን አያስገቡም?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሩ ላይ ይጠብቃል። ገዢው ሱቁን ለልጁ አስረክቦ መጥቷል። «ጋሼ፣ ካርታው ንጹሕ ነው። ባለቤቶቹ ውጭ ሊሄዱ ስለሆነ ነው እንጂ ይኼ ቤት በዚህ ዋጋ አይገኝም» ይባላል። ግቢው ተጠርጓል። ግድግዳው ክሬም ቀለም ተቀብቷል፤ ሽታው ገና አልለቀቀም። ሳሎን ውስጥ ቡና ተፈልቷል። ገዢው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት ሃያ ደቂቃ ያህል ይዞራል፤ «ስንት ካሬ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወጥቶ ዋጋ ይነጋገራል።

ሃያ ደቂቃ! መርካቶ ውስጥ አንድ ኩንታል በርበሬ የሚገዛ ነጋዴ እንኳ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ ከታች ያወጣል፣ ይሰብረዋል፣ ያሸተዋል፣ እርጥበቱን በመዳፉ ይለካል። ያው ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን የሚያፈስበትን ቤት ግን ከላይ አይቶ ይገዛዋል።

ለዚህ ምክንያት አለው። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጽንቶታል። በሕግ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ በቦታው የመጠቀም መብት አብሮት ይተላለፋል። ሕጉ እንዲህ ይበል እንጂ ገበያው የሚነጋገረው ተገልብጦ ነው። ዋጋው የሚቆረጠው በሰፈሩ፣ በመንገዱ ስፋትና በካሬ ሜትሩ ነው፤ ቤቱ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። «ቤቱ ቢያረጅስ፣ ቦታው አያረጅ» የሚል ክርክርም አይጠፋም።

ይህ ክርክር የሚሠራው ገዢው አፍርሶ ለመሥራት ሲገዛ ብቻ ነው። ሊያከራየው ወይም አድሶ መልሶ ሊሸጠው የገዛ ሰው ግን የገዛው ቤቱን ነው፤ ጣሪያውን፣ ቧንቧውን፣ ከመሬት በታች ያለውን መሠረት ነው። እናም ገዢው ደላላውን «ስንት ካሬ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የሚገዛው ቦታውን ነው ወይስ ቤቱን? ቦታውን ከሆነ የግድግዳው ስንጥቅ አያስጨንቀውም፤ የሚያሳስበው የማፍረሻው ወጪና የፕላኑ ጉዳይ ነው። ቤቱን ከሆነ ጥገናው የዋጋው አንድ ክፍል ነው። ከመዋዋል በፊት ካልታወቀ ገዢው ከስምምነቱ በላይ ሌላ ዋጋ ከፈለ ማለት ነው።

ከቀብድ በፊት

የቤት ገበያ ጥድፊያ ይወዳል። «ሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ መጥቷል፤ ነገ ላይገኝ ይችላል» ይባልና ገዢው ቀብድ ያስይዛል። መሐንዲስ ወይም ግንበኛ የሚጠራው፣ ከተጠራም፣ ከዚያ በኋላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከፍሎ ጣሪያው እንደበሰበሰ ያወቀ ገዢ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፦ ቀብዱን መተው ወይም የበሰበሰውን ጣሪያ ይዞ መቀጠል። ሻጩም ይህንን ስለሚያውቅ አንድ ብር አይቀንስለትም።

ለፍተሻው ብዙ ነገር አያስፈልግም። ፎቅ ለሆነ ቤት መሐንዲስ የግድ ነው። ለምድር ቤት ግን ብዙ ቤት ያፈረሰና የሠራ ግንበኛ፣ ከእርሱም ጋር አንድ አናጢ ቢገኝ በቂ ነው። የቀን ሂሳባቸው ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚነገር አይደለም። ከዚያ ሌላ መሰላል፣ ባትሪ፣ ጠመንጃ መፍቻ፣ አንድ ሳንቲም፣ አንድ የልጆች ብይ። ብይዋ መሬት ላይ ስትቀመጥ ወደ አንድ ጥግ ከሮጠች ወለሉ ወዴት እንደወረደ ትናገራለች። ሳንቲሙ ሴራሚክ ላይ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሴራሚኩ ከሥሩ ለቋል።

አጥሩ ቀድሞ ይመሰክራል

አዲስ አበባ የተቀመጠችው አንድ ዓይነት አፈር ላይ አይደለም። ከእንጦጦ ግርጌ ወደ መሀል ከተማው ቀይ አፈርና ዓለት ይበዛል። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲወረድ፣ በቦሌ ቡልቡላ፣ በለቡ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ጥቁሩ ዋልካ ይበረታል። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። የቤቱ መሠረት ዋልካውን አልፎ ጠንካራው ላይ ካላረፈ፣ ወይም ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ በገረጋንቲ ካልተተካ፣ ቤቱ በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ይነሳል፣ ከአፈሩ ጋር ይወርዳል።

በዚህ ሰፈር ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ሳሎኑን ሳይሆን አጥሩን ነው። ለአጥር ጥልቅ መሠረት የሚያወጣ ሰው ጥቂት ስለሆነ አፈሩ ምን እንደሚሠራ ቀድሞ የሚናገረው አጥሩ ነው። የጎረቤቶቹም አጥር ይታይ። መንገዱ ሙሉ አጥሩ ተሰነጣጥቆ ቤቱ ብቻ ንጹሕ ከሆነ፣ ወይ ቤቱ በደንብ ተመሥርቷል፣ ወይ ቀለሙ አዲስ ነው።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው፣ የክብሪት እንጨት የማያስገባው ስንጥቅ ከልስኑ መድረቅ የመጣ ነው፤ ለለሳኝና ለቀለም ቀቢ ይተዋል። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ አግድም እየወጣ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚከተለው ግን የመሠረት መንቀሳቀስ ምልክት ነው። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ይልቁንም እስክሪብቶ የሚያስገባ ከሆነ፣ ነገሩ የቀለም ጉዳይ መሆኑ አበቃ፤ መሐንዲስ ይጠራ። ኮለንና ቢም ላይ የሚታይ ስንጥቅ ደግሞ ቀጭንም ቢሆን አይናቅም። ሲሚንቶው ተፈንቅሎ የዛገ ፌሮ ከታየ ብረቱ ከውስጥ እያበጠ ነው፤ ላዩን መለሰን መደበቅ እንጂ መጠገን አይደለም።

አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ላይ ስንጥቅ የት ይፈለጋል? ሻጭ በማይቀባበት ቦታ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ ኋላ፣ የቤቱ ጀርባ ከጎረቤት አጥር ጋር በሚጣበቅበት ጠባብ መተላለፊያ። በሮችም ብዙ ይናገራሉ። ራሱ ላይ በመላጊያ የተላገ በር፣ ወለሉን እየፋቀ ግማሽ ክብ ያሰመረ በር፣ ቁልፉ ካልተነሳ የማይገባ በር፣ ሦስቱም ግድግዳው ቦታውን እንደለቀቀ ይመሰክራሉ።

አሁን አሁን ሻጮች አንድ ምክንያት አግኝተዋል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ስለዚህ ስንጥቅ በታየ ቁጥር «ይኼማ ያን ጊዜ የመጣ ነው፤ ቆሟል» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የስንጥቁን ከንፈር በባትሪ ማየት ነው። ውስጡ አቧራና የሸረሪት ድር ከሞላ፣ የቀድሞ ቀለም ገብቶበት ከደረቀ ስንጥቁ ከመንቀጥቀጡ በፊት የነበረ ነው። መቆሙን ለማረጋገጥ ደግሞ የቆየ ዘዴ አለ። ስንጥቁ ላይ አነስተኛ ጂፕሰም ይለጠፍና ቀን ይጻፍበታል። ጂፕሰሙ ከተሰበረ ቤቱ አሁንም በጉዞ ላይ ነው። ይህ ሳምንታት፣ ዋልካ ላይ እንዲያውም ከበጋ እስከ ክረምት ይጠይቃል። ለመጠበቅ የማይፈቅድ ሻጭ በዋጋው ይክፈል።

ነሐሴና ጥር

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት መታየት ያለበት በነሐሴ ነው፤ የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ነው። በበጋ ሁሉም ጣሪያ ደህና ነው። ስለዚህ በበጋ የሚገዛ ሰው ያለፈውን ክረምት ምልክት መፈለግ አለበት።

ምልክቱ ኮርኒሱ ላይ ነው። ውሃ ያገኘው ቺፕውድ የቡና ቀለም ያለው ክብ ይሠራል። አንድ ክብ ከሆነ አንድ ጊዜ ያፈሰሰ ነው። ክብ በክብ ላይ ተደራርቦ እንደ ግንድ ዕድሜ ከተቆጠረ ግን ጣሪያው በየዓመቱ ሲያፈስ፣ ባለቤቱም በየዓመቱ ሲያልፈው ኖሯል። ኮርኒሱ ሁሉ አርጅቶ አንድ ክፍል ብቻ አዲስ ጂፕሰም ከለበሰ «ለምን ይህ ብቻ?» ተብሎ ይጠየቅ። ከዚያ መሰላል ተደግፎ በኮርኒሱ መግቢያ አንገትን ማስገባት ነው። ባትሪው ይጥፋ። በቆርቆሮው ላይ እንደ ኮከብ ነጠብጣብ ብርሃን ከታየ ምስማሮቹ ለቀዋል ወይም ቆርቆሮው ተበልቷል። ባትሪው ይብራ፤ እንጨቱ በጠመንጃ መፍቻ ይወጋ። ምስማር መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቆርቆሮ መቀየር የሳምንት ነው። ከሥሩ ያለው እንጨት ከበሰበሰ ግን የጣሪያ ሥራ እንደ አዲስ ይጀመራል። ቆርቆሮው ስንት ጌጅ እንደሆነም ይጠየቅ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፣ 35 ጌጁ ከ28ቱ ጋር በአንድ ዋጋ አይቆጠርም።

አሸንዳ የሌለው ቤት ውሃውን የሚያፈሰው መሠረቱ ላይ ነው። ይህንን የሚያስተውል ገዢ ጥቂት ነው። ዋልካ ላይ የሚታየው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ መነሻው ከጣሪያ የወረደ ውሃ ነው።

ጭቃ ቤትን መናቅ

በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ዛሬም ብዙ ቤት የባህር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ብሎኬት ነው ተብሎ የሚሸጥም አለ። ግድግዳው በጉልበት ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ፣ የመስኮቱ ደፍ ውፍረት፣ ከጎን ሲታይ የሚያሳየው ሞገድ ይለየዋል።

ጭቃ ቤት በራሱ ነውር የለበትም። ጣሪያው ያላፈሰሰበት፣ እግሩ ያልረጠበ ጭቃ ቤት አሥርት ዓመታት ይቆማል። የሚሞተው ከእግሩ ነው። ጠመንጃ መፍቻው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቋሚው ላይ ይሞከር። ያለ ጉልበት ከገባ ቋሚው በስብሷል። ሁለት ሦስት ቋሚ ከሆነ እግሩ ተቆርጦ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ይተካል፤ ይህ የታወቀ ሥራ ነው። ዙሪያውን ከሆነ ግን ገዢው የሚገዛው ቦታውን ነውና ዋጋውም የቦታ ዋጋ ይሁን። ጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ሌላው ችግር ነው። ሁለቱ አይዋሐዱም፤ እርጥበት መሀላቸው ገብቶ ልስኑን እንደ ቂጣ ይልጠዋል። «አምና ነው ያስለሰንኩት» የሚል ሻጭ ያወጣው ገንዘብ ለገዢው ዋጋ የለውም።

የማይታየው ውሃ

ብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው። ገዢው ቧንቧ ከፍቶ ውሃ ሲወርድ አይቶ ይረካል። የወረደው ግን ከጣሪያው ሮቶ ሊሆን ይችላል። የሚታየው ቆጣሪው ጋ ነው፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ መሬት ውስጥ የሚያፈስ መሥመር አለ። በድሮ ቤቶች የብረቱ ቧንቧ ከውስጥ በዝገት ጠቦ ይገኛል። እርሱን ቀይሮ በፒፒአር ለመተካት ግድግዳና ሴራሚክ ይሰበራል፤ ወጪው የቧንቧው ሳይሆን የመስበሩና መልሶ የመልበሱ ነው።

የፍሳሽ መሥመር ያልደረሰው ሰፈር ብዙ ስለሆነ አብዛኛው ቤት የራሱ ጉድጓድ አለው። «ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተመጠጠ?» የምትለው ጥያቄ እንደ ቀላል ትታያለች እንጂ ቤት ገዢን ከብዙ መዘዝ ታድናለች። በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ ደህና። በየሁለት ወሩ መኪና የሚጠራ ከሆነ ወይ የከርሰ ምድር ውሃ ይገባበታል፣ ወይ አፈሩ አይመጥም። ዋልካ ውሃ አያሰርግም። እንዲህ ያለ ቤት ለአራት ተከራይ ተከፋፍሎ ሲከራይ የመኪናው ሂሳብ ኪራዩን ይቆርጠዋል።

መብራቱ በአጭሩ፦ ቫልቮላው በሽቦ የታሰረ ከሆነ፣ ምድጃና ምጣድ አብረው ሲበሩ መብራቱ ከደበዘዘ፣ መሬት የገባ ሽቦ ከሌለ ሙሉ መሥመሩ ይቀየራል ብሎ መገመት ነው። የቆጣሪው ዕዳም ከመዋዋል በፊት ይጣራ።

«80 በመቶ ያለቀ»

ከደላሎች ቋንቋ ውስጥ እንደዚህች ሐረግ ገንዘብ ያስወጣች የለችም። ግንቡ ቆሟል፣ ሶሌታው ተሞልቷል፣ ጣሪያው ለብሷል፤ ስለዚህ «80 በመቶ» ይባላል። ይህ በዓይን የተለካ ነው፣ በገንዘብ አይደለም። የቀረው ምንድን ነው? በርና መስኮት፣ ልስን፣ ወለል፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ የመብራትና የውሃ መሥመር፣ የማድ ቤት ካቢኔ፣ ቀለም፣ የግቢ ንጣፍ፣ በፎቅ ቤት ደግሞ የደረጃ እጀታና ሊፍት። ለዓይን ትንሹ፣ ለኪስ ትልቁ ይኸው ነው። አብዛኛውም ከውጭ የሚመጣ ወይም ግብአቱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ከለቀቀ ወዲህ የሴራሚክ፣ የኬብልና የቧንቧ ዋጋን በወረቀት ጽፎ ለስድስት ወር ማስቀመጥ ቀርቷል። ነጋዴዎቹ የሚሰጡት የዋጋ ማቅረቢያ የሚቆይበትን ቀን ማንበብ ይበጃል።

ያልተጠናቀቀ ቤት ለምን ቆመ? አንዳንዱ ገንዘብ አልቆ ነው። አንዳንዱ በፈቃድ ጉዳይ ነው። ያኛው ደግሞ ሲቆም የታየ ጥፋት ኖሮ ነው። ክረምት የተፈራረቀበት፣ ያልተለሰነ ብሎኬትና ሰማይ ያየ ፌሮ ዕድሜው እየተቆረጠ ነው። ከሶሌታው ላይ የቆሙት ፌሮዎች በእጅ ሲፈተጉ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ከረገፈ ተጨማሪ ፎቅ ይወጣል የሚለው ሐሳብ እንደገና ይታሰብበት። ሻጩ በሥራ ተቋራጭ ያሠራው ከሆነ የውሉ ቅጂ ይጠየቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ከመሬቱ ጠባይ የሚመጣውንም ጉዳት ይጨምራል። ቤቱን በየጊዜው በቀን ሠራተኛ ያሠራ ባለቤት ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም።

ኮንዶሚኒየም ሌላ ዓይነት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠሩት ሕንፃዎች ውስጥ ገዢው የሚገዛው የራሱን ክፍል ብቻ አይደለም፤ የጣሪያውን፣ የደረጃውን፣ የፍሳሽ ቱቦውንም ድርሻ ነው። የራሱን መታጠቢያ ቤት ቢያሳምርም ከላይ ያለው ሰው መታጠቢያ ካፈሰሰ ኮርኒሱ ይረጥባል። ስለዚህ የላይኛው ጎረቤት በር ይንኳኳ፣ የታችኛውም። ክፍል ለማስፋት ግድግዳ የፈረሰበት ቤት ከሆነ የፈረሰው ምን እንደነበር ይጠየቅ።

ጥገናና ወረቀት

ሊጠገን የሚችል ቤት ሁሉ እንዲጠገን አይፈቀድም። ማሻሻል፣ መጨመርና ማፍረስ የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ካርታው ላይ ያለው ቤት ሦስት ክፍል ሆኖ ግቢው ውስጥ ስድስት ከተገኘ፣ ሦስቱ ጭማሪ በፈቃድ የተሠሩ መሆናቸው ይጣራ። አለዚያ የእድሳት ፈቃድ ሲጠየቅ ጥያቄው እነርሱ ላይ ይቆማል፤ ቦታው ለልማት በተፈለገ ጊዜም ያለ ፈቃድ የቆመ ክፍል ካሳ ለመከራከር አይመችም።

የቦታው ፕላንም ከጣሪያው በፊት ይታይ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ በኮሪደርና በመልሶ ማልማት የፈረሱት ቤቶች መካከል በቅርብ የታደሱ አልጠፉም። ፕላኑ መንገድ ያሳለፈበትን ወይም ለሌላ አገልግሎት የመደበውን ቤት ወለሉን በግራናይት የሚያለብስ ባለገንዘብ ግራናይቱን በስጦታ ሰጠ ማለት ነው። ጥያቄው በክፍለ ከተማው መሥሪያ ቤት ይጠየቃል፤ መልሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይወሰዳል።

ሂሳቡ

ለስሌት እንዲመች ቁጥሩ ክብ ይሁን። አንድ ቤት 12 ሚሊዮን ብር ተጠይቆበታል፤ በወር 45 ሺህ ብር ይከራያል ተብሏል። በዓመት 540 ሺህ፣ ከዋጋው 4.5 በመቶ። ገዢው በተጠየቀው ገዛው። ጣሪያ፣ ቧንቧና የመብራት መሥመር 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ፈጀ። ሥራው አምስት ወር ስለወሰደ 225 ሺህ ብር ኪራይ ቀረ። ቤቱ አሁን የቆመው በ14 ሚሊዮን 625 ሺህ ብር ነው፤ ገቢው ወደ 3.7 በመቶ ወርዷል። የስም ማዛወሪያው፣ የቴምብር ቀረጡና የደላላው ገና አልተቆጠሩም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገበት ጊዜ ሲታወስ ይህ ገቢ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ይታያል።

ያው ገዢ ፍተሻውን ከቀብድ በፊት አድርጎ፣ በግንበኛውና በቧንቧ ሠራተኛው የተጻፈ ዝርዝር ይዞ ቢቀርብና 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ቢያስቀንስ ቤቱ በ13 ሚሊዮን 125 ሺህ ያልቃል። 4.1 በመቶ መሆኑ ነው። በቃል «ጣሪያው አርጅቷል» ያለ ገዢ የሚቀነስለትና ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ሜትር ቧንቧ ብሎ የቆጠረ ገዢ የሚቀነስለት አንድ አይደለም።

ቤት የሚገዛው ለኪራዩ ብቻ ሳይሆን ብር ሲረክስ ዋጋውን እንዲይዝ ነው የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ዋጋውን የሚይዘው የቆመ ቤት ነው። ደግሞም ኪራይን እንደ ፈለጉ መጨመር ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰነው መጠን እንዲሆን አድርጓል። ተከራይ አስገብቶ ከስድስት ወር በኋላ ጣሪያ የቀየረ አከራይ ወጪውን ኪራዩ ላይ አይጭነውም። ጥገናው ተከራይ ሳይገባ ይለቅ።

ከዝርዝሩ በላይ ከአምስት አንድ እጅ መጨመር ለአሮጌ ቤት ተገቢ ነው። ግድግዳ ሲከፈት ከውስጥ የሚወጣውን ማንም አስቀድሞ አያየውም። ገንዘቡ ሲመደብ ውሃ የሚያስቆመው ሥራ ይቅደም፣ ቀጥሎ ኮለንና መሠረት፣ ቀጥሎ ቧንቧና መብራት፣ ማማሩ መጨረሻ። ብዙ አዳሽ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። የጂፕሰም ኮርኒስ ተከራይን ይስባል፤ የሚያቆየው ግን ውሃ የማይጠፋበት ሮቶና የማያፈስ ጣሪያ ነው።

ከዚህ ሁሉ ፍተሻ የሚጠቀመው የሚሸሽ ገዢ ብቻ አይደለም። ቀለሙ የተላጠ፣ መስታወቱ የተሰበረ፣ ግቢው ሣር የዋጠው፣ ውሻ የሚያስጮህ ቤት አለ፤ ሦስት ገዢ በሩ ላይ አይቶት ተመልሷል። መሠረቱ ያልተንቀሳቀሰ፣ የጣሪያው እንጨት የደረቀ፣ ወረቀቱ ከቤቱ ጋር የሚስማማ ከሆነ ያ ቤት ዋጋው በመልኩ የወረደ ቤት ነው። ቀለምና መስታወት በአንድ ወር ያልቃሉ። በዚህ ገበያ ትርፉ ያለው እዚያ ነው። ክሬም ቀለም የተቀባውና ቡና የሚፈላበት ቤት የቀለሙን ዋጋ አስቀድሞ በላዩ ላይ ጭኖታል።

ደላሎች ፍተሻን አይወዱም፤ ሥራ ያቆማል ይላሉ። እውነትም አንዳንዱ ሽያጭ ግንበኛው መሰላል ላይ እንዳለ ይቀራል። የሚቀረው ግን ዛሬ ካልቀረ ውልና ማስረጃ በር ላይ፣ ሻጭና ገዢ ቀብድ ይዘው ሲካሰሱ የሚቀር ነው፤ ያን ጊዜ የደላላውም ኮሚሽን አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ነቃ ያሉት ራሳቸው ግንበኛ ይዘው ይመጣሉ። ገዢው እንዲህ ላለው ደላላ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ጎበዝ፣ ግን የኔም ግንበኛ ይውጣበት።»